ዘይት አይቆጠርም

ባሏን በመርዝ ስለገደለች ሴት ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ይቺ ልብስ ሰፊ ግን ምን ቆርጧት መርዝ ትነካለች! እሷ ባሏን የተበቀለችው በዘይት ነው። ያውም ባልየው ራሱ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ባስገባው ጀሪካን፣ ዓይኑ እያየ፣ «ኧረ ይጣፍጣል፣ ጨምሪልኝ» እያለ። ቶሎ አትፍረዱባት። መጀመሪያ እሱ ያደረገውን ስሙ፣ ከዚያ መፍረድ ካማራችሁ ፍረዱ።

ባልየው አሰልጣኝ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ሰው ክብደት የሚቀንስበት ጂም አለው። የእሷ ልብስ ስፌት ቤት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ ነው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል የምታየው የጂሙን ትልቅ የመስኮት መስታወት ነው። አንድ ቀን ጠዋት መርፌዋ ውስጥ ክር አስገብታ ቀና ብትል፣ መስታወቱ ላይ የሰው ቁመት የሚያክል ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶው የራሷ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ትስቃለች። ከራሷ በላይ በትልቁ በቀይ «በፊት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኗ ባዶ ነጭ ቦታ አለ፤ ከላዩ «በኋላ» ይላል፣ መሃሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ከሥር ደግሞ፦ «እሷን እንኳ እንቀንሳታለን!»

መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ደሙ የሰው ሸሚዝ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ አላወቀችም።

ያ ሆድ ውፍረት አልነበረም። ያ ሆድ ውስጥ ልጅ ነበረች፣ የሰባት ወር ልጅ። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ባሏ ነው፤ በረንዳቸው ላይ አቁሟት «እጅሽን አድርጊበት፣ እሷም ትግባ» ብሎ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተወለደች፤ ግን አላለቀሰችም። አዋላጇ ጠቅልላ ወሰደቻት፣ እናትየውም ፊቷን በደንብ ሳታየው ቀረች። እንግዲህ ያቺ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የተነሳችው ፎቶ ይሄው አንዱ ነው። ሌላ የለም። አሁን ደግሞ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ እያየ ይስቅባታል።

መቀሷን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ ገባች።

«አውርደው» አለችው።

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ! ልጄ ያለችበትን ፎቶ ከመንገድ ላይ አንሳልኝ።»

ረስቶት ይሆናል ብላ ነበር። ያስታወሰ ለታ ይደነግጣል፣ አንገቱን ይደፋል ብላ፣ ይቅርታውን ሁሉ በልቧ አዘጋጅታለት ነበር። እሱ እቴ! የብረቱን ክብደት እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል መለሰላት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ሰው መች ያውቃል? ለሰው ውፍረት ነው የሚመስለው። ሙሉ ቁመትሽ የሚታይበት ሌላ ፎቶ አጣሁ። ገና ከመለጠፉ ሁለት ሰው ገብቶ ጠየቀኝ እኮ! አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብጃለሽ።»

ማወቁ ነው የገደላት። ባያውቅ ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚሁ ላይ ባለቀ ነበር። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ቃል ቢወጣት መቀሱ አብሮ እንደሚወጣ ስላወቀች፣ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ተመለሰች።

ሰፈሩ ደግሞ ሰፈር ነው፣ ሰው ሲወድቅ ምሰሶ አያቀብልም። አትክልት ሻጩ ድንች ስትመርጥ አይቷት «አንቺማ ጎመን ነው የሚያስፈልግሽ! ‹በኋላ› መቼ ነው የምትሆኚው?» አላት። ሸሚዝ ሊያሳጥር የመጣ ጎረምሳ ከመስታወቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መስታወቱ እያየ ጥርሱን መክደን አቃተው። ውሎ አድሮ ስሟም ቀረና «በፊት» ተባለች። «ሱሪዬን በፊት ጋ አሰፋሁት»፣ «በፊት ዛሬ ዘግታለች» ይባላል። እሷ እያንዳንዱን ትሰማለች፣ ጥርሷን ነክሳ ፔዳሏን ትረግጣለች።

እንግዲህ የጂሙን አሠራር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚያ ላይ ነውና። አሰልጣኙ አንድ ሃይማኖት አለው፣ እሱም ቁጥር ነው። ደንበኛው ሁሉ የሚበላውን በጥሬው በትንሽ ሚዛን መዝኖ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ድንቹ ይህን ያህል ግራም፣ ዶሮው ይህን ያህል ግራም፤ ስልኩ ካሎሪውን ደምሮ ይነግረዋል። ሰው የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ግን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንዴ ከተመዘኑ በኋላ የሦስት ወሩ ፕሮግራም እስኪያልቅ ማንም አይወጣበትም። «ሚዛን በየቀኑ የሚወጣ ሰው እምነት የሌለው ሰው ነው» ይላል አሰልጣኙ። «የምትበሉትን ቁጠሩ፣ ሌላውን ለኔ ተዉት። ቁጥር አይዋሽም!»

ሰዉም ያምነዋል። ከሚያምኑት አንዱ አንድ ጡረተኛ ነው። ጉልበቱ አልቆ ከዘራ ይዟል፤ ሐኪሙ «ክብደት ካልቀነስክ ቀዶ ጥገናውን አልሠራልህም» ብሎታል። ሌላዋ ከልብስ ስፌቱ ቤት ጎን ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነ ሴት።

አዲሱ ፕሮግራም ሊጀመር ባለበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ፣ ልብስ ሰፊዋ የደንበኞቹን ቱታ አስተካክላ ልታስረክብ ጂሙ ገባች። አሰልጣኙ ሰዉን ሰብስቦ ያስተምራል። ቱታውን አድላ ዝም ብላ ብትወጣ ደህና ነበር፤ ግን ጡረተኛው የድንቹን ግራም ስልኩ ላይ ለመጻፍ ሲታገል አየችና ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ዘይቱስ? ዘይቱ የት ነው የሚጻፈው?»

አሰልጣኙ በመገረም ዞረ። ከዚያ ሳቀ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ በዕድሜው ሙሉ መጥበሻ እሳት ላይ ጥዶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ግን ታጥቦ ያልደረቀ መጥበሻ አይቷል መሰለኝ።

«ዘይት መጥበሻው ላይ ነው የሚቀረው! ጠብሳችሁ ስታወጡ መጥበሻውን አላያችሁም? ያብለጨልጫል። ዘይቱ እዚያው አለ ማለት እኮ ነው! የሚበላው ድንቹ ነው፣ መጥበሻው አይደለም። ጻፉ፤ ዘይት አይቆጠርም!» ከዚያም አገጩን ወደ መስኮቱ ቀሰረ። «እንግዲህ ይሄን ስለማታውቅ ነው እዚያ የተሰቀለችው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር ሠሪዋ እንኳ ሳቀች፤ ኋላ አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ቱታ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ቆማ ቀረች። አሰልጣኙ ግን ሳቁ የልብ ልብ ሰጥቶት ጨመረበት።

«እንዲያውም ዘንድሮ እኔም አብሬያችሁ እቆጥራለሁ! ቦርጬን አይታችኋል። አሁን ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ፤ በመጨረሻው ቀን ከሁሉ ቀድሜ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ። ስምንት ኪሎ ባልቀንስ፣ ይሄን ፎቶ አውርጄ በቦታው የራሴን እሰቅላለሁ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሱ ሲያመልጠው አልታወቀውም፤ እሷ ግን ቃል በቃል ያዘችው። ባይቀንስ ፎቶው ይወርዳል። ዘይት አይቆጠርም። ሁለቱን ይዛ መንገዱን ስትሻገር ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ግን ለጠላትም አይመኙትም።

በነጋታው ወጥ ቤት ገብታ ጀሪካኑን አዟዟረችው። ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ መቶ ሃያ ካሎሪ። ምስጢር አይደለም፣ ሊያነብ ለሚጎነበስ ሰው ሁሉ ተለጥፏል። ባሏ ግን ጀሪካኑን ሲገዛ ያነበበው ዋጋውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ እንዲህ ሆነ። እሱ ከሥራ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሚዛኑን ያወጣል። ድንቹን በጥሬው ይመዝናል። ዶሮውን ቆዳ ገፎ ይመዝናል። አንዲት ቁራጭ ከበዛች ለድመት ይወረውራል። ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ቁጥሩን ያያል፣ በራሱ ይደሰታል። ከዚያ «በይ ሥሪው» ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። እሷ መጥበሻውን ትጥዳለች፣ ጀሪካኑን ታነሳለች።

ደብቃ አድርጋ እንዳይመስላችሁ፤ አንድም ቀን አልደበቀችም። ዘይቱ ሲንዶቀዶቅ እስከ ሳሎን ይሰማል። አንዳንዴ እሱ ራሱ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ይልና ድንቹ ዘይት ውስጥ ሲዋኝ ያያል። «አትሰስቺ፣ እሱ አይቆጠርም» ይላታል። ደበርጃን የሚሉትን ሐምራዊ አትክልት ወደደ፤ ደበርጃን ደግሞ ዘይት ሲያገኝ እንደ ስፖንጅ ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ጠጥቶ ገና ይጠይቃል። ሩዙን በዘይት አቁላልታ፣ ሲበስል ደግሞ ከላይ ትጨምርበታለች። እንቁላሉ ጫፉ ጥብስ ብሎ፣ መሃሉ ረስርሶ ይወጣል። እሱ ሳህኑን በዳቦ ይጠርጋል፤ ዳቦውንም መዝኖ ነው እንግዲህ! ጣቶቹን እየላሰ «ምን ነክቶሽ ነው ሰሞኑን? እጅሽ እንዴት ጣፈጠ!» ይላል።

«ብላልኝ» ትላለች። «ብላልኝ እንጂ።»

እሷ ከጎኑ ተቀምጣ የተቀቀለ ድንች ትበላለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እሱም እየሳቀ ነበር የሚሄደው።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግር ነበር፤ ሱሪው። ሰው ሚዛን ባይወጣ ሱሪው ይነግረዋል። አሰልጣኝ ስለሆነ ቀን ተሌት ቱታ ነው የሚለብሰው፣ ቱታ ደግሞ ወገቡ ላስቲክ ነው። አንድ ቀን ወገቡን እያሻሸ «ይሄ ነገር ያዘኝ መሰለኝ» ሲል ሰማችው። በማግስቱ ሁለት ቱታ «ላጥብልህ» ብላ ወደ ሱቋ ወሰደች፤ ወገቡን ፈታ የቆየውን ላስቲክ ጎትታ አወጣችና ረዘም ያለ አስገብታ መልሳ ሰፋችው። ስፌቱ የፊቱን ስፌት ተከትሎ ሄደ፣ የተነካም አይመስልም። ለበሰው። «አየሽ? እየቀነስኩ ነው፣ ሰፋኝ» አላት! መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ ሳቋን የት ትደብቀው? ከዚያ ወዲህ እሱ በሰፋ ቁጥር እሷ ላስቲኩን ታስረዝማለች። መስታወት ፊት ቆሞ ትከሻው ሞላ ሲል ያያል፣ «ጡንቻ ነው» ይላል። ሰው ማየት የፈለገውን ለማየት መስታወት አያንሰውም።

የወጡትን ላስቲኮች አልጣለቻቸውም። በአንዲት ከረጢት አጠራቅማ ከመኪናዋ ሥር አስቀመጠቻቸው።

ልቧ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቆረቁራት ነበር። ጡረተኛው ሱሪውን ሊያስጠግን በመጣ ጊዜ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማችው።

«ጋሼ፣ ምን ምን ይበላሉ?» አለችው።

«ያው ጥብስ ነዋ፣ ልጄ። ግን ሁሉን እመዝናለሁ! አንዲት ፍሬ ሩዝ አታመልጠኝም።»

«ጋሼ፣ እኔ ብሆን ዘይቱንም በማንኪያ ለክቼ እጽፍ ነበር። ከተቻለማ ቢቀቅሉት ይሻላል።»

ሽማግሌው በሐዘኔታ አያት። «ልጄ፣ ነገሩ እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ግን እሱ የተማረበት ሙያው ነው። አይቆጠርም ካለ አይቆጠርም።»

ምን ታድርግ? ጮኻ ብትናገር እቅዷ ይፈርሳል፣ ፎቶውም እዚያው ይቀራል። ደጋግማ ነገረችው፣ ደጋግሞ ሳቀባት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሆኖም ከዘራው የጂሙን ደረጃ ሲያንኳኳ በሰማች ቁጥር ፔዳሏን ትታ ወደዚያ ትመለከት ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንምና፣ እሷም ደግ ልሁን ብላ አልተመጻደቀችም። ቂሟን መርጣለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ልትተወው ደርሳ ነበር። እሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ እሷ ጀሪካኑን አንስታለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታውቂያለሽ፣ ያንን ፎቶ ሳስበው ነበር» አላት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምን አሰብክ?» አለች። አውርደዋለሁ በል፣ አለች በሆዷ። ጥፋት ነው በል፣ አሁኑኑ ጎመን እቀቅልልሃለሁ፣ ነገ ላስቲክህን ሁሉ አሳጥርልሃለሁ።

«ሰዉ በጣም ነው የሚያየው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ስከፍት ላስባዛው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጀሪካኑን ዘቀዘቀችው፤ እስኪበቃት ድረስም አላቀናችውም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጂሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ደንበኛው፣ የደንበኛው ቤተሰብ፣ አትክልት ሻጩ ሳይቀር ሥራውን ዘግቶ መጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን በክንዷ አንጠልጥላ በሩ አጠገብ ቆመች። አሰልጣኙ አዲስ ቱታ ለብሷል። ንግግር አደረገ፣ ስለ ቁጥር አወራ፣ ስለ እምነት አወራ። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ከሚዛኑ ላይ እንደ ሐውልት መራቂ ገፈፈው። ሰዉ አጨበጨበ። ጫማውን አውልቆ ወጣበት።

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ደግና ፎቶ እያነሳች ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብላ ያነበበችው እሷ ናት።

«ዘጠና ዘጠኝ!»

ጭብጨባው እንደ ተቆረጠ ክር ጸጥ አለ። አሰልጣኙ ወረደ፣ እግሩን አራገፈ፣ ዳግም ወጣ። ዘጠና ዘጠኝ። «ተበላሽቷል» አለ። ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ለአንዷ አስይዛ ወጣች። «ትናንት ክሊኒክም ይሄንኑ ነው ያለኝ፤ የእነሱ ሚዛን ነው የተበላሸው ብዬ ነበር» አለች ከላይ ሆና፤ ከዚያም ቁጥሩን ልብ ብላ አየችና ፊቷ ጨለመ። «ቆይ፣ እኔስ ለምንድነው ምንም ያልቀነስኩት? ሦስት ወር ሙሉ እየመዘንኩ!» ጡረተኛው በከዘራው ተደግፎ ወጣ፤ አንድ ኪሎ ጨምሯል። ሌላዋም ወጣች፤ እሷም ያው ናት። ጉምጉምታ ተነሳ።

አሰልጣኙ ዓይኑ ሲቅበዘበዝ በሩ ጋ ካለችው ሚስቱ ላይ አረፈ። ፈገግ ብላለች። ያኔ ገባው፤ ድንቹ ሲዋኝ ታየው፣ ደበርጃኑ ታየው፣ ዘይቱ እየተንዶቀዶቀ ሲወርድ ታየው።

«እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። «እሷ ናት ያደለበችኝ! በዘይት! በየቀኑ ዘይት ስትገለብጥብኝ ነው የከረመችው!»

«ዘይት ምን ያደርጋል?» አለች ልብስ ሰፊዋ በረጋ ድምፅ።

«እንዴት ምን ያደርጋል! ዘይት እኮ ከሁሉ የባሰ...» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

አፉን መልሶ ለመዝጋት ጊዜ አላገኘም። ሰዉ ሁሉ ሰምቶታል። ፀጉር ሠሪዋ ከሚዛኑ አጠገብ ሆና ወገቧን ይዛ ዞረች።

«ከሁሉ የባሰ ምን? ጨርሰው እንጂ! ‹አይቆጠርም› አላልክም? እኔ አንተን ሰምቼ እንቁላሌን በሁለት ጭልፋ ዘይት ስጠብስ ነው የከረምኩት!»

«መጥበሻው ላይ ይቀራል አላልክም?» አለ አትክልት ሻጩ ከኋላ። እሱ ደንበኛ እንኳ አይደለም፤ ግርግር ደስ ስለሚለው ነው።

ጡረተኛው አልጮኸም። ከዘራውን መሬቱ ላይ ተክሎ፣ አሰልጣኙን ሳይሆን ልብስ ሰፊዋን እያየ ተናገረ። «ይቺ ልጅ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ የሳቅኩባት። ለዚህ ጉልበት ስል የነገርከኝን ሁሉ አደረግኩ፣ አንተ ግን ድስት ውስጥ ምን እንደሚገባ እንኳ ጠይቀህ አታውቅም።»

አሰልጣኙ መውጫ አጣ። ዘይት አይቆጠርም ቢል የዘጠና ዘጠኙን ኪሎ ምክንያት ያጣል፤ ይቆጠራል ቢል ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲያሳስት እንደከረመ ያምናል። ወደ ሚስቱ ሁለት እርምጃ ተራመደና «ለምን?» አላት፤ «ምን አደረግኩሽ?»

ምን አደረግኩሽ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን ከፍታ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ እግሩ ሥር ጣለች።

«እነዚህ ያንተ ናቸው፤ ከቱታህ የወጡ። ‹ሰፋኝ› ያልከው እኔ እያስረዘምኩልህ ነው። ዘይቱን ደብቄህ አላውቅም፤ ጀሪካኑን ገዝተህ ያመጣኸው አንተ፣ አትሰስቺ ያልከኝ አንተ። የደበቅኩህ ላስቲኩን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ በሰው ፊት የተናገርከውን ፈጽም። ፎቶውን አውርደው።»

«እሺ፣ እሺ፣ ነገ...»

«አሁን!» አሉ ሰዎቹ በአንድ አፍ።

እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ያወረደችው ራሷ ናት። መስኮቱ ጋ ሄዳ የፎቶውን ጥግ በጥፍሯ ፈልቅቃ፣ እንዳይቀደድባት ቀስ እያለች ላጠችው። ፀጉር ሠሪዋ ልታግዛት ቀረበች። «አንቺዬ፣ ተይ፣ ቅደጂው ይሄን እርጉም ፎቶ! እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ፎቶው ላይ ካለው እጅ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ እኮ ውፍረት አይደለም» አለች። «ልጄ ናት። የሞተችው ልጄ። ሌላ ፎቶ የላትም። እሱ ያውቃል፤ ስለምነው ‹ለሰው ውፍረት ነው የሚመስለው› ነው ያለኝ።»

አትክልት ሻጩ አንገቱን ደፋ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቋ ትዝ ብሏት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጡረተኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ቦርሳቸውን እያነሱ፣ አሰልጣኙን ገላምጠው እንኳ ሳያዩ፣ ወጡ። እሱ ዙሪያውን ላስቲክ ተበትኖበት፣ በካልሲው ቆሞ ቀረ።

«ይቅር በይኝ» አላት ሰዉ ሲያልቅ።

«አልልህም» አለችው። ወደፊት ትል እንደሆነ አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ያን ቀን ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል፤ ይሄንንም ፊቱን እያየች ነገረችው። ፎቶውን ጠቅልላ አቅፋ ወጣች።

ሱቋ ስትገባ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ፎቶውን ዘረጋችው። ትልቁን መቀስ አነሳች። ከሥሩ ያለውን «እሷን እንኳ» የሚለውን ቆርጣ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ባዶውን ነጭ ቦታ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር ቆርጣ ጣለች። ከላይ ያለውን «በፊት» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ግን ቀጥ አድርጋ፣ ጫፉ ሳይዛነፍ፣ የሙሽራ ልብስ እንደሚቆርጥ ሰው ተጠንቅቃ ለየችው። የቀረውን፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን እናትና እጇ ሥር ያለችውን ልጅ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗ ቀልቶ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እሱ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ያነሳሁት ፎቶ አለኝ» አለች፤ «ቦርጩም፣ ዘጠና ዘጠኙም ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ላኪለት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሰቅላለሁ ያለው የራሱን ነው።» ከዚያ የቆረጠችውን ቀይ ጽሑፍ አጠፍ አድርጋ እጇ ላይ አኖረችላት። «ይሄንንም አድርሺለት፤ ከፎቶው በላይ የሚለጥፈው ነው።»